ያልተጠራው እንግዳና የባለቤቱ አንደበት

ቴአትር ለመጻፍ እጃቸውን የሚሞክሩ ጓደኞቻችን አዘውትረው የሚወዱት አንድ ትዕይንት አለ። ሰላማዊ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ አደገኛ ሰው ሳይጠራ ይገባል፤ ሽጉጥ ወይም ጩቤ ይመዛል፤ ባለቤቱም በእጁ አንዳች መሣሪያ ስለሌለው በአንደበቱ ያታልለዋል፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ትዕይንቱ ሲያስቡት ቀላል ነው፤ ሲጽፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይበላሻል። የሚበላሸውም ጸሐፊው ባለቤቱን ብልኅ አድርጎ ለማሳየት ሲቸኩል እንግዳውን ሞኝ ስለሚያደርገው ነው። ሞኝን አታልሎ ያመለጠ ሰው ማንን ያስደንቃል? ተመልካቹ ሽጉጡ እንደማይተኩስ ገና ከመጀመሪያው ያውቃል። ስለዚህም ሣቁ ባዶ ሣቅ ይሆናል፤ የሚፈራው ነገር አልነበረምና።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። በመድረክ ላይ አደገኛውን እንግዳ የሚጥለው እንግዳው ራሱ ይዞት የመጣው ነገር ነው፤ ይኸውም ፍላጎቱ፥ ትዕቢቱና በብርቱ ድካም የሰበሰበው እውቀቱ ነው። የባለቤቱ ብልኀት ያንኑ አንሥቶ መልሶ ለእንግዳው ማጉረስ ነው። ይኸን ለማሳየት አንድ የእንግሊዝኛ፥ አንድ የፈረንሳይኛና አንድ የጀርመንኛ ተውኔት እንመረምራለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። እኛ ምፀት የምንለውን ነገር ፈረንጆች የሚጠሩበት ስም ከጥንት ግሪኮች የመጣ ነው። በግሪኮች ኮሜዲ ውስጥ ኤይሮን የሚባል ዓይነት ሰው አለ፤ ከሆነው በታች መስሎ የሚታይ፥ የሚያውቀውን እንደማያውቅ የሚሆን ነው። ተቃራኒው አላዞን ይባላል፤ ከሆነው በላይ የሚኩራራ ጉረኛ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጉረኛው ይወድቃል። በቋንቋችን ለዚህ ነገር የሚቀርቡ ቃላት አላጣንም፤ አሽሙር፥ ሽሙጥ፥ ሰም ለበስ ንግግር እንላለን። ሆኖም ልዩነት አለ። አሽሙር የሚወረወረው የተወረወረበት ሰው እንዲሰማውና እንዲቈስል ነው፤ ካልገባው ከንቱ ድካም ነው። ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ ክፍል ለተዘጋበት ሰው ግን አሽሙር ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እርሱን የሚያድነው ሌላው ዓይነት ነው፤ የተነገረው ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድበት፥ ወርቁ ግን ለተመልካቹ የሚቀርበት። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ትዕይንት ሦስት ወገኖች ያስፈልጋሉ፤ የሚናገረው፥ የሚታለለውና በጨለማ ተቀምጦ ሁለቱንም የሚያዳምጠው። ሦስተኛው ከጠፋ ተንኰል ይኖራል እንጂ ቴአትር አይኖርም።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ዳግላስ ጄምስ የጻፈው አጭር ተውኔት ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንተን ብሆን ኖሮ» እንደ ማለት ነው። ታላቅ ሥራ ነው አንልም። ነገር ግን በሕንድ አገር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ብዙ ተማሪ ያነበበው ነው፤ ለጥናትም ከታላላቆቹ ይልቅ ይመቻል፤ ሥጋው ትንሽ ስለ ሆነ አጥንቱ ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

ጄራርድ የሚባል ሰው ከከተማ ራቅ ባለ ቤት ብቻውን ይኖራል። በስልክ ተነጋግሮ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሽጉጥ የያዘ ሰው ይገባበታል። ሰውየው የጌጣጌጥ ሌባ ነው፤ ፖሊስ ገድሎ በሽሽት ላይ ነው። የመጣው ግን ለገንዘብ አይደለም። መልኩ ከጄራርድ መልክ ጋር ስለሚቀራረብ ገድሎት በስሙና በቤቱ ሊኖር ነው። አስቀድሞም አጥንቶታል። ይኸ ሰው ብቸኛ ነው፤ የሚያስፈልገውን የሚያዝዘው በስልክ ነው፤ ነጋዴዎቹን እንኳ ፊት ለፊት አያይም፤ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይሄዳል፥ በድንገት ይመለሳል። ለሌባው ይኸ ሁሉ ምቹ ነው። ጄራርድ ቢሞት የሚፈልገው የለም፤ ሌላ ሰው ቢተካበትም የሚለይ የለም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንሻው የጄራርድ ንግግር ሁለት ደረጃ ያለው መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ጄራርድ ያሾፋል። ነፍሰ ገዳዩን እንደ ክቡር እንግዳ ይቀበለዋል፤ ለሚጠይቀው ሁሉ በቀልድ ይመልስለታል። ይኸ ግልጽ አሽሙር ነው፤ ሌባው ይሰማዋል፥ ይቈጣልም። ታዲያ አሽሙር ሕይወት ያሳጣል ብለን አልነበረምን? ያሳጣ ነበር፤ ነገር ግን ጄራርድ አንድ ነገር ገብቶታል። ሌባው እርሱን መስሎ ለመኖር ብዙ ነገር ጠይቆ መረዳት ስላለበት ወዲያው አይተኩስም። ጥያቄው እስኪያልቅ ድረስ ዕድሜ አለ፤ ስለዚህ ሹፈቱ ዕድሜ ማራዘሚያ ነው። ከዚያም ሌላ የሌባውን ትዕቢት ይቈሰቍሳል። የተናቀ ጉረኛ አፉን ይዞ አይቀመጥም፤ ብልኀቱን ይዘረግፋል። ይኸም ሌባ ማንም ሳያስገድደው ዕቅዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተርካል። ግሪኮቹ አላዞን ያሉት ይኸን ሰው ነው።

ጄራርድ በሕግ ሊያስፈራውም ይሞክራል፤ አይሆንለትም። አንድ ሰው ገድሎ ገመድ የሚጠብቀው ሰው ሁለተኛ ቢገድል የሚጨመርበት ቅጣት የለም። ደራሲው ይኸን በአጭሩ ነው ያለፈው፤ ለእኛ ግን የተውኔቱ እምብርት እዚህ ይመስለናል። ሌባው ፍርሃት የሌለው ሰው አይደለም። ጄራርድ ያቀረበለት ፍርሃት የጄራርድ የራሱ፥ የሰላማዊ ሰው ፍርሃት ስለ ሆነ ነው ያልነካው። ሌባው የሚፈራው ይኸን ያህል የደከመበት መሸሸጊያ ወጥመድ ሆኖ እንዳይገኝ ነው።

ጄራርድ ይኸን ሲያገኝ ሹፈቱ ይቀርና ሁለተኛው ደረጃ ይጀምራል። እኔም እንደ አንተ ወንጀለኛ ነኝ፥ እኔን መስለህ ብትኖር በእኔ ወንጀል ትሰቀላለህ ይለዋል። ማስረጃውስ? ማስረጃውን ያመጣው ሌባው ነው። ከሰው የማይገናኝ፥ ሁሉን በስልክ የሚያዝዝ፥ በድንገት የሚሰወር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሻንጣውስ በዚህ ሌሊት ለምን ተዘጋጀ? በሻንጣው ውስጥም ሰው መልኩን የሚለውጥበት ዕቃ ይገኛል። ሌባው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን እንዴት አላምንም ይበል? እያንዳንዱ ፍሬ ነገር እውነት ነው፤ የተለወጠው ትርጓሜው ብቻ ነው። እንዲህ ሲጠራጠር ሳለ ስልኩ ይደውላል። ጄራርድ ፖሊስ መድረሱን የሚያስታውቀኝ የራሴ ሰው ነው ብሎ ያጣድፈዋል፤ ማምለጫው በዚህ ነው ብሎ በር ያሳየዋል፤ ሌባው ሊያይ ሲጠጋ ገፍትሮ ያስገባውና ይቈልፍበታል። በሩ የቁም ሣጥን በር ኖሯል። ጄራርድ ስልኩን ሲያነሣ ነገሩ ይገለጣል። እርሱ የተውኔት ጸሐፊ ነው፤ የሻንጣው ዕቃም የመድረክ ዕቃ ነው፤ ለልምምዱ በሰዓቱ ማድረስ ስላልቻለ ይቅርታ ይጠይቃል።

ደራሲውን የምንነቅፍበት አንድ ነገር ግን አለ። ወርቁን ለተመልካች የሚሰጠው በመጨረሻው ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ እኛም ከሌባው ጋር በግማሽ ተታለን እንቈያለን። መጨረሻው ያስደስታል፤ ነገር ግን ደስታው የእንቈቅልሽ መፍቻ ደስታ ነው። አውቆ የመፍራትን ጣዕም አላገኘንም። እርሱን ለማግኘት ወደ ሞልየር መሄድ ያስፈልጋል።

የ«ታርቱፍ»ን ታሪክ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ መልሶታል። እዚህ እንግዳው ሽጉጥ የለውም። የቤቱ ጌታ ኦርጎን በቤተ ክርስቲያን ሲጸልይ አይቶት ጻድቅ መስሎት ራሱ ያመጣው ሰው ነው፤ ለቀሩት ቤተ ሰዎች ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፥ ባዶ እግሩን የገባው ታርቱፍ በቤቱ ላይ አዛዥ ሆነ። ኦርጎን ሴት ልጁን ሊድርለት ይነሣል፤ ታርቱፍ ግን የሚመኘው የኦርጎንን ሚስት ኤልሚርን ነው።

ሞልየር ብልኀት የሚሠራበትን መንገድ ከማሳየቱ በፊት የማይሠራባቸውን ሁለት መንገዶች አሳይቷል። የመጀመሪያው የገረዲቱ የዶሪን አሽሙር ነው። ኦርጎን ከመንገድ ሲመለስ ዶሪን እመቤቲቱ በትኩሳት ስትሠቃይ ማደሯን ትነግረዋለች፤ እርሱ የሚጠይቀው ስለ ታርቱፍ ነው። እርሷም ታርቱፍ ሁለት ቆቅና የበግ ታፋ እኩሌታ በልቶ ደኅና መተኛቱን ትነግረዋለች፤ ኦርጎን ደግሞ ለጠገበው ሰው ያዝናል። ተመልካች በሣቅ ይሞታል፤ ኦርጎን ግን አንዲት ነገር አልሰማም። አሽሙር ጆሮ ይፈልጋል። ሁለተኛው የወንድ ልጁ የዳሚስ ቍጣ ነው። ዳሚስ ተደብቆ ታርቱፍ እናቱን፥ ማለት የእንጀራ እናቱን፥ ሲያባብላት ይሰማና ዘልሎ ወጥቶ ለአባቱ ይናገራል። ታርቱፍ አልካደም። አዎን፥ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፥ ከሰው ሁሉ የከፋሁ ነኝ እያለ ራሱን ያዋርዳል። እውነቱን ነው፤ ኦርጎን ግን ትሕትና መሰለው። ልጁን ከርስት ነቅሎ ንብረቱን ለታርቱፍ በስጦታ ውል ይሰጣል። ልብ ይሏል፤ በዚህ ጊዜ የምፀት ጌታ ታርቱፍ ነው። መሣሪያው የደጎች ብቻ አይደለም።

ኤልሚር የምትነሣው እነዚህ ሁለቱ ከከሸፉ በኋላ ነው። በአራተኛው ገቢር ባልዋን ከጠረጴዛ ሥር ትደብቅና ታርቱፍን ታስጠራዋለች። ልቧ ወደ እርሱ ያዘነበለ መስላ ትናገራለች። ታርቱፍ ግን ሞኝ አይደለም፤ ትናንት የገፋችኝ ሴት ዛሬ ለምን ለሰለሰች ብሎ ይጠረጥራል፤ ቃል አይበቃኝም፥ ሥራ አሳዪኝ ይላል። እንግዲህ የትዕይንቱ አስፈሪነት ከዚህ ይጀምራል። እንግዳው ብልኅ በሆነ መጠን ኤልሚር ወደ ጥፋት ትቀርባለች፤ የሚያድናትም ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሰው ብቻ ነው። እርሷ እንድትጠራው በሳል ምልክት ትሰጠዋለች። ኦርጎን አይወጣም። እንደ ገና ታስላለች። ታርቱፍ በማዘን ለሳል የሚሆን የጣፈጠ መድኃኒት ከኪሱ ያቀርብላታል። ኦርጎን አሁንም አይወጣም።

በዚህ ጊዜ የምትናገረው ንግግር በቅኔ ላደገ ጆሮ የተለየ ጣዕም አለው። በፈረንሳይኛ እኛ «ሰው እንዲህ ካለ» ስንል እንደምንጠቀምበት ያለ፥ ማን መሆኑ ያልተለየ ተውላጠ ስም አለ። ኤልሚር ይኸን ቃል ደጋግማ ትይዘዋለች። ሰው የሚነገረውን አላምን ካለ፥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ካልታየ አይሆንም ካለ፥ እንግዲህ የሚሆነው ይሁን፤ በደሉም በእኔ ላይ አይደለም የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው። ታርቱፍ «ሰው» የተባለው እኔ ነኝ ብሎ ይደሰታል። ከጠረጴዛው ሥር ላለው ባል ግን እያንዳንዱ ቃል የእርሱ ክስ ነው። አንድ ቃል፥ ሁለት ሰሚ፥ ሁለት ትርጓሜ፤ የቅኔ መምህሮቻችን ኅብር የሚሉት ይኸንኑ ነው። ተመልካቹም ሁለቱንም ይዞ እየሣቀ ይፈራል።

በመጨረሻ ኤልሚር ባልዋ በደጅ እንዳይኖር እይልኝ ብላ ታርቱፍን ትልከዋለች። እርሱም ያ ሰው አፍንጫውን ይዘው የሚጎትቱት ሰው ነው ብሎ ንቆ ይወጣል። ያን ጊዜ ኦርጎን ብቅ ይላል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኤልሚር የምትቀበለው በምስጋና አይደለም። ምነው ቸኰልክ፥ ተመለስ እንጂ፥ ገና ማስረጃው አልተሟላም የሚል ሽሙጥ ታሸክመዋለች። አሁን አሽሙሩ በቦታው ነው፤ የሚሰማ ጆሮ ተገኝቷልና።

ታርቱፍ ከተገለጠ በኋላ ግን አይሸነፍም። ቤቱ የእኔ ነው፥ የምትወጡት እናንተ ናችሁ ይላቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የስጦታው ውል በእጁ ነው። ከዚያም በላይ ኦርጎን በአደራ የተቀበለውን፥ ሊያስከስሰው የሚችል ወረቀት ያለበትን ሣጥን አሳልፎ ሰጥቶታል። ቤተ ሰቡን የሚያድነው የንጉሡ መኰንን ደርሶ ታርቱፍን ሲይዘው ነው። ብዙ ሐያስያን ይኸን መጨረሻ በግድ የተጣበቀ ነው ብለው ይነቅፉታል። እኛ ግን ሞልየር እውነት ተናግሯል እንላለን። ብልኀት ጭምብል ያወልቃል እንጂ ፊርማ አይፍቅም። ይኸንም በራሱ ላይ አይቶታል። ተውኔቱ በ1664 በቬርሳይ ከታየ በኋላ በሕዝብ ፊት እንዳይጫወት ተከለከለ፤ በ1667 ስሙንና መልኩን ለውጦ ፓሪስ ላይ አንድ ቀን ቢያሳየው ወዲያው ተዘጋ፤ በየካቲት 1669 ብቻ ንጉሡ ፈቀደ። ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀውን ኦርጎንን የተጫወተው ሞልየር ራሱ ነበር፤ ኤልሚርም የገዛ ሚስቱ አርማንድ ቤዣር። በአገራችንም ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአውሬዎች ምሳሌ ያቀረቡት «ፋቡላ» መከልከሉን የሚያስታውስ ሰው፥ ሰም ለበስ ንግግር ወርቁ የገባው ባለ ሥልጣን ሲያጋጥመው ምን እንደሚደርስበት ለመረዳት ወደ ፓሪስ መሄድ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ተውኔት የስዊሱ ማክስ ፍሪሽ «ቢደርማንና ቤት አቃጣዮቹ» ነው፤ በመድረክ መጀመሪያ የታየው በ1958 በዙሪክ ነው። ይኸን ባጭሩ እናነሣዋለን፤ የሁለቱን ግልባጭ ስለሚያሳይ ነው። ቢደርማን የጠጉር መድኃኒት የሚሠራ ባለ ፋብሪካ ነው። በከተማው ቤት አቃጣዮች እንደ ሱቅ በደረቴ እየመሰሉ በሰው ቤት ማደሪያ ለምነው ይገባሉ። ከእነርሱ አንዱ፥ ኋላም ሁለተኛው፥ በቢደርማን ቤት ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የቤንዚን በርሜል ያስገባሉ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው አይዋሹትም፤ ቤንዚን ነው ይሉታል። እርሱ እንደ ቀልድ ቈጥሮ ይሥቃል። እንዳይቀየሙት ፈርቶ ዝይ አስጠብሶ ራት ይጋብዛቸዋል፤ በመጨረሻም ክብሪት ሲጠይቁት ይሰጣቸዋል። ቢደርማንም የሚታለለው ራሱ በያዘው ነገር ነው። ደግ ሰው ነው መባልን ይወዳል፤ በቤቱ የሠራውን ግፍ ደግሞ በፋብሪካው የሠራለት ሰው ያውቃል፤ ያባረረው ሠራተኛ ራሱን ገድሏልና። ክፉዎቹን ክፉ ብሎ ለማስወጣት የሚያበቃ ንጹሕ አንደበት የለውም። ጄራርድ እውነቱን እንደ ውሸት አድርጎ አዳነበት፤ እነዚህ እውነቱን እንደ እውነት ተናግረው አቃጠሉበት።

አሁን ለሚጽፉና ለሚጫወቱ ጓደኞቻችን ጥቂት ነገር እንጨምር። ጸሐፊው ከባለቤቱ ይልቅ በእንግዳው ላይ ይድከም። ይኸ ሰው ምን ይፈልጋል? ስለ ቤቱ ምን ያውቃል? በምን ይኰራል? ይኸ ከተገኘ የባለቤቱ ንግግር ከዚያው ይቀዳል፤ ካልተገኘ ግን የፈለጉትን ያህል የሚያስቅ ቃል ቢደረድሩ ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ ይቀራል። እንግዳው ቢያንስ አንድ ጊዜ መጠርጠር አለበት፤ የጄራርድ ሌባ ሽጉጡን እስከ መጨረሻው አይለቅም፥ ታርቱፍም ቃል አልበቃው ብሏል። በመካከል ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወግ የሚጀምር ሌባ ጸሐፊው የቸኰለበት ሌባ ነው።

ተዋናዩም ወደ ተመልካች ዓይኑን አይጥቀስ። ተመልካቹ ወርቁን አግኝቶታል፤ የሚያስፈልገው ሰሙ ሳይሰነጠቅ ማየት ነው። ፈጥኖ መናገርም ደግ አይደለም፤ በአዲስ ተዋንያን ዘንድ የተለመደው ጥፋት ዝምታን መፍራት ነው። ኤልሚር ለሁለተኛ ጊዜ ስታስል ከጠረጴዛው ሥር ምንም ድምፅ አይወጣም፤ የምትጫወተዋም ልጅ ቀጣዩን ቃል ከመናገሯ በፊት ያን ዝምታ አዳራሹ እስኪጨነቅ ድረስ ትያዘው።